ዋናተኛን የሚከተል ካሜራ፦ በራሳቸው የሚበሩ ድሮኖች በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ላይ ምን ይጠቅማሉ? ምንስ ያሠጋሉ?

በእረፍት ቀናት ከአዳማ፣ ከሞጆና ከአዲስ አበባ የሚነሡ ጎብኚዎች ወደ ላንጋኖ፣ ወደ ባቱና ወደ ቢሾፍቱ ሐይቆች ይጓዛሉ። ከፊሎቹ ይዋኛሉ፣ ከፊሎቹ ካያክና ጀልባ ይቀዝፋሉ፣ ሌሎቹ ደግሞ በሞተር ጀልባ እየተጎተቱ በውኃ ላይ ይንሸራተታሉ። ይህን ሁሉ በምስል ማስቀረት ግን ቀላል አይደለም። ውኃ ውስጥ ያለ ሰው ራሱን ሊቀርጽ አይችልም። ከዳር የቆመ ጓደኛ በስልኩ የሚያነሣው ምስልም ብዙ ጊዜ በሰፊ ቡናማ ውኃ መካከል የምትታይ አንዲት ትንሽ ነጥብ ከመሆን አያልፍም።

ለዚህ ችግር መፍትሔ ሆነው የመጡት፣ ያለ ሰው መሪነት አንድን ሰው ከአየር ላይ እየተከተሉ የሚቀርጹ ትንንሽ ድሮኖች ናቸው። ዋጋቸው ከዓመት ወደ ዓመት ቀንሷል። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2024 ለገበያ የቀረበው ዲጄአይ ኒዮ የተባለው ድሮን ክብደቱ 135 ግራም፣ የመነሻ ዋጋው ደግሞ 199 የአሜሪካ ዶላር ነበር። ይህም መሣሪያው ከቴሌቪዥን ጣቢያዎችና ከፊልም ሠሪዎች እጅ ወጥቶ በሎጅ ባለቤቶች፣ በአስጎብኚ ወጣቶችና በዋና አሠልጣኞች አቅም ሊገዛ የሚችል ሆኗል ማለት ነው። ሆኖም ገንዘብ ከማውጣት በፊት መሣሪያው እንዴት እንደሚሠራ፣ በእኛ ሐይቆች ላይ ምን እንደሚገጥመውና ሕጉ ምን እንደሚጠይቅ ማወቅ ይገባል።

ጥቅሙ ከመዝናኛ ያለፈ ነው

ዋና መማር የሚፈልግ ሰው የራሱን ክንድና እግር እንቅስቃሴ አያይም። አሠልጣኙ "ክንድህን አርዝም፣ ራስህን ዝቅ አድርግ" ቢለው እንኳ የሚያደርገውና አደረግሁ ብሎ የሚያስበው ይለያዩበታል። ከላይ የተቀረጸ ምስል ይህን ልዩነት በግልጽ ያሳያል። ቀዛፊው ጀልባውን በቀጥታ እየነዳ መሆኑን ወይም በየምቱ ወደ ጎን እየሳበ መሆኑን ከላይ ከሚታየው የውኃ መስመር መለየት ይቻላል። በሶደሬ ገንዳ ውስጥ ዋና የለመደ ሰው ወደ ሐይቅ ሲገባ አቅጣጫ የሚያሳየው የገንዳ መስመር ስለማይኖር ምን ያህል እንደሚዛነፍ የሚረዳው እንዲህ ባለ ምስል ነው።

ለአካባቢው ኢኮኖሚም ትርጉም አለው። በሐይቅ ዳር ጀልባ የሚያከራዩና ጎብኚ የሚያስተናግዱ ወጣቶች የቀዘፋውን ቪዲዮ ከአገልግሎታቸው ጋር አያይዘው ቢያቀርቡ ተጨማሪ ገቢ ሊያገኙበት ይችላሉ። ጎብኚው በማኅበራዊ መገናኛ የሚያጋራው ምስል ደግሞ ለስፍራው ያለ ክፍያ የሚሠራ ማስታወቂያ ነው።

ድሮኑ ሰውን እንዴት ይከተላል?

በራሱ የሚበር ድሮን ሁለት ጥያቄዎችን ያለማቋረጥ ይመልሳል። የመጀመሪያው "እኔ የት ነኝ?" የሚል ነው። ለዚህም ከሳተላይት የሚመጣ የጂፒኤስ ምልክት፣ ዝንባሌንና ፍጥነትን የሚለኩ መሣሪያዎች፣ ከፍታን በአየር ግፊት የሚያውቅ ባሮሜትር፣ አቅጣጫ የሚያሳይ ኮምፓስ፣ እንዲሁም ወደ ታች የሚመለከት ትንሽ ካሜራ ይጠቀማል። ሁለተኛው ጥያቄ "የምከተለው ሰው የት ነው?" የሚል ሲሆን ለእርሱ ሁለት ዓይነት መልስ አለ።

አንደኛው መንገድ ሰውየው በክንዱ ላይ የሚያስረው ወይም በኪሱ የሚይዘው አነስተኛ መሣሪያ ነው። መሣሪያው የሰውየውን ስፍራ በጂፒኤስ እያወቀ በሬዲዮ ሞገድ ለድሮኑ ይነግረዋል። ድሮኑም በተወሰነ ርቀትና ከፍታ ይከተላል። ሰውየው በውኃ ርጭት ቢሸፈን ወይም በርካታ ተመሳሳይ ጀልባዎች ቢኖሩ አይሳሳትም። ነገር ግን ጂፒኤስ በጥቂት ሜትሮች ሊዛነፍ ስለሚችል ሰውየው ሁልጊዜ በምስሉ መሀል ላይ አይገኝም። መሣሪያው ውኃ ውስጥ ሲጠልቅም ምልክቱ ይቋረጣል።

ሁለተኛው መንገድ በምስል መለየት ነው። በድሮኑ ውስጥ ያለው ኮምፒውተር ካሜራው ከሚያየው ውስጥ የሰውየውን ቅርጽና የልብሱን ቀለም ለይቶ ይይዛል፤ ከዚያም ሰውየው በምስሉ መሀል እንዲቆይ ራሱን ያንቀሳቅሳል። ይህ ዘዴ ይበልጥ ያማረ ምስል ያስገኛል። ድክመቱ የሚታየው ግን በውኃ ላይ ነው። ዋናተኛ ሲሆን የሚታየው ራሱና ክንዱ ብቻ ነው። ከሰሌዳው ወድቆ ለጥቂት ሰከንዶች ከጠለቀ ድሮኑ ያጣዋል፤ አንዳንዴም በአቅራቢያው ያለውን ሌላ ሰው መከተል ይጀምራል። ስለዚህ ከውኃው ቀለም በግልጽ የሚለይ፣ ለምሳሌ ብርቱካናማ ወይም ደማቅ ቢጫ የመንሳፈፊያ ጃኬት መልበስ ለሕይወትም ለቀረጻም ይበጃል።

ከማስታወቂያው ጀርባ

የዚህ ቴክኖሎጂ ታሪክ አጭር ቢሆንም ለገዢ የሚጠቅም ትምህርት አለው። እ.ኤ.አ. በ2014 በላትቪያ የተሠራው ኤርዶግ የተባለ ድሮን በክንድ በሚታሰር መሣሪያ ስፖርተኛን እንዲከተል ታስቦ ከሕዝብ በኢንተርኔት ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ አሰባሰበ። በግንቦት 2015 ደግሞ ሊሊ የተባለ፣ ወደ አየር ሲወረወር ራሱን ችሎ የሚበርና ውኃ የማይጎዳው ነው የተባለለት ድሮን ይፋ ሆነ። ኩባንያው ወደ 60,000 የሚጠጋ ቅድመ ትዕዛዝ፣ በገንዘብ ሲሰላ 34 ሚሊዮን ዶላር ያህል ሰበሰበ። ነገር ግን ድሮኑን ለገዢዎች ሳያደርስ በጥር 2017 ሥራ ማቆሙን አስታወቀ። በዚያው ወቅት የሳን ፍራንሲስኮ አቃቤ ሕግ፣ የማስታወቂያው ቪዲዮ በሌላ ኩባንያ ድሮን የተቀረጸ ነው በማለት ኩባንያውን ከሰሰ።

ከዚያ ወዲህ ቴክኖሎጂው በእውነት አድጓል። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ፋንተም 4 ሰውን በምስል ለይቶ መከተል ጀመረ። በ2018 የወጣው ስካይዲዮ አር 1 በበርካታ ካሜራዎች ዙሪያውን እያየ ከዛፍና ከእንቅፋት ራሱን መጠበቅ ቻለ። የሊሊ ታሪክ የሚያስተምረው ግን ዛሬም ይሠራል፤ ገዢ በሚያምር ቪዲዮ ሳይሆን መሣሪያው በራሱ አካባቢ ሲበር አይቶ ሊወስን ይገባል።

የሐይቆቻችን ጠባይ

በመመሪያ መጽሐፎች ላይ የሚጻፈው የበረራ ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ በዝቅተኛ ስፍራና ነፋስ በሌለበት የተለካ ነው። የእኛ ሐይቆች ግን ከፍ ባለ ስፍራ ላይ ይገኛሉ። ላንጋኖ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,600 ሜትር፣ ቢሾፍቱ ደግሞ ወደ 1,900 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ናቸው። በእንዲህ ዓይነት ከፍታ፣ በሞቃት ቀን፣ አየሩ በባሕር ጠለል ካለው አየር በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። በሳሳ አየር ውስጥ ያው ክብደት በአየር ላይ እንዲቆይ ፕሮፔለሮቹ በፍጥነት መሽከርከር አለባቸው፤ ባትሪውም በዚያው ልክ ቶሎ ያልቃል። በአየር ላይ 20 ደቂቃ ይቆያል የተባለ ድሮን በዚህ ምክንያት ብቻ ወደ 18 ደቂቃ ይወርዳል። ከዚያ ላይ አንድ ሦስተኛ የሚሆነው ለመመለሻ መጠባበቂያ ሲቀነስ ለቀረጻ የሚተርፈው 12 ደቂቃ ገደማ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ነፋስ ነው። የስምጥ ሸለቆ ነፋስ ኃይል ምን ያህል እንደሆነ ለአዳማ ነዋሪ መንገር አያስፈልግም። በከተማዋ ዙሪያ ባሉ ኮረብታዎች ላይ የቆሙት አዳማ አንድና አዳማ ሁለት የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች 51 እና 153 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ይዘው የተተከሉት ለዚህ ነው። በሐይቆች ላይ ደግሞ ከሰዓት በኋላ የብሱ ከውኃው ቀድሞ ስለሚሞቅ ነፋሱ ከሐይቁ ወደ ዳር ይበረታል፤ ማዕበልም ይነሣል።

ነፋስ በድሮን ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል። በሰከንድ 12 ሜትር የሚበር ድሮን በሰከንድ 8 ሜትር በሚነፍስ ነፋስ ውስጥ ነው እንበል። ነፋሱን ከኋላው አድርጎ 600 ሜትር ሲሄድ ፍጥነቱ 20 ሜትር ስለሚሆን በ30 ሰከንድ ይደርሳል። ሲመለስ ግን ነፋሱን መጋፈጥ ስላለበት ፍጥነቱ ወደ 4 ሜትር ይወርዳል፤ ያንኑ ርቀት ለመመለስ 150 ሰከንድ፣ ማለትም አምስት እጥፍ ጊዜ ይፈጅበታል። ሲሄድ ቀላል የመሰለው ጉዞ ሲመለስ ባትሪውን ይጨርሰዋል። ስለዚህ መነሻው ላይ ነፋሱን ፊት ለፊት ተጋፍጦ መሄድ፣ ሲመለስ ደግሞ በነፋሱ መታገዝ ይመረጣል። ከሁሉም የሚሻለው ጊዜ ማለዳ ነው። ያኔ ነፋሱ የረጋ፣ ውኃው የተኛ፣ ብርሃኑም ለካሜራ የተመቸ ነው።

ሦስተኛው ጉዳይ የውኃው ገጽ ራሱ ነው። ወደ ታች የሚመለከተው ካሜራ በየብስ ላይ ድንጋዩንና ሣሩን እየለየ "አልተንቀሳቀስኩም" ብሎ ያረጋግጣል። በውኃ ላይ ግን የሚያየው ነገር ሁሉ ይንቀሳቀሳል። ማዕበሉ ወደ ቀኝ ሲሄድ ድሮኑ እርሱ ራሱ ወደ ግራ የሄደ ይመስለውና ቦታውን ይለቃል። እንደ መስተዋት በተኛ ውኃ ላይ ደግሞ ከፍታውን ሊሳሳት ይችላል። በዚህ ጉዳይ ቀላልና ርካሽ ድሮኖች ይበልጥ ተጎጂ ናቸው፤ አንዳንድ አምራቾችም በውኃ ላይ እንዳይበሩ ያስጠነቅቃሉ። ቢያንስ ሦስት ወይም አራት ሜትር ከፍታ ጠብቆ ማብረር አደጋውን ይቀንሳል።

ድሮኑ ከወደቀስ? ላንጋኖ ከ40 ሜትር በላይ፣ የቢሾፍቱ ሐይቅ ከ80 ሜትር በላይ ጥልቀት ያላቸው ስፍራዎች አሏቸው። የላንጋኖ ውኃ ደግሞ ቡናማ በመሆኑ ከአንድ ክንድ በታች ያለው አይታይም። የሰመጠ ድሮን ጠፋ ማለት ነው። ውኃ የማያስገቡና የሚንሳፈፉ ድሮኖች በገበያ ላይ ቢኖሩም ዋጋቸው ከፍ ያለ ነው። በመደበኛ ድሮን ላይ የሚገጠሙ ተንሳፋፊ እግሮችም አሉ፤ ክብደት ስለሚጨምሩ ግን የበረራ ጊዜውን የበለጠ ያሳጥሩታል።

መነሣትና ማረፍ

በውኃ ላይ የሚደርሱ ብዙ ጉዳቶች በመነሣትና በማረፍ ጊዜ የሚከሠቱ ናቸው። ድሮን የተነሣበትን ስፍራ "ቤቴ" ብሎ ይመዘግባል። ባትሪው ሲደክም ወይም ግንኙነቱ ሲቋረጥ ወደዚያው ይመለሳል። ከጀልባ ላይ የተነሣ ድሮን ግን ጀልባው በዚያ መካከል ከቦታው ስለሚርቅ ተመልሶ የሚያርፈው ባዶ ውኃ ላይ ይሆናል። የብረት ጀልባ ደግሞ ኮምፓሱን ሊያሳስተው ይችላል። ስለዚህ ለጀማሪ የሚበጀው ከየብስ ማስነሣትና በየብስ ማሳረፍ ነው። በሐይቅ ዳር ያለው ደቃቅ አሸዋና አቧራ ወደ ሞተሩ እንዳይገባ ሸራ ማንጠፍ ይጠቅማል። የሚሽከረከር ፕሮፔለር ጣት ስለሚቆርጥ ሕፃናትን ማራቅም የግድ ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

በኢትዮጵያ ድሮን እንደ ማንኛውም ካሜራ በነፃ የሚገዛና የሚበር ዕቃ አይደለም። ወደ አገር ለማስገባትም ሆነ ለማብረር ከኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር ፈቃድ ማግኘት ያስፈልጋል። የአየር ክልልን ደኅንነት የሚመለከተው ደግሞ የኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ነው። ያለ ፈቃድ የመጣ ድሮን በጉምሩክ ሊያዝ ይችላል። ከውጭ የሚመጡ ዘመዶች በሻንጣቸው "ስጦታ" ብለው የሚያመጡት ድሮንም ከዚህ ውጭ አይደለም። በብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ለመቅረጽ የሚፈልግ ሰውም ለፓርኩ አስተዳደር አስቀድሞ ማመልከት ይኖርበታል።

በተለይ ቢሾፍቱ ላይ ጥንቃቄው እጥፍ ነው። የኢትዮጵያ አየር ኃይል ዋና የጦር ሰፈር በከተማዋ ይገኛል፤ ሐይቆቹም ከሰፈሩ ብዙ አይርቁም። ድሮኑ ትንሽ ነው፣ ለመዝናኛ ነው የሚለው ምክንያት በእንዲህ ዓይነት ስፍራ ተቀባይነት አይኖረውም። በመሆኑም ወጣቶች መሣሪያውን ከመግዛታቸው በፊት ፈቃዱን ማስቀደም አለባቸው። ገንዘብ ወጥቶበት ፈቃድ ያላገኘ ድሮን ከዕዳ አይለይም።

ሰው፣ ከብትና ወፍ

ሐይቅ የጎብኚ ብቻ አይደለም። አርሶ አደሩ ከብቱን ያጠጣበታል፣ ማሳውን ያለማበታል፤ ዓሣ አስጋሪው መረቡን ይጥልበታል፤ እናቶች ልብስ ያጥቡበታል፣ ገላቸውንም ይታጠቡበታል። ከላይ የሚዞር ካሜራ እነዚህን ሰዎች ሳይወዱ ሊቀርጻቸው ይችላል። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የግል ሕይወት የመከበር መብትን ደንግጓል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የሰዎችን የግል መረጃ መሰብሰብና መጠቀም በሥርዓት እንዲሆን ያዝዛል። ከሕጉ በፊት ግን ነውርና ክብር አለ። ሰው ገላውን በሚታጠብበት ስፍራ ላይ ካሜራ ማዞር በየትኛውም ባህል ነውር ነው።

የድሮን ድምፅ ራሱ ሥጋት ይፈጥራል። ከየት እንደመጣ ያልታወቀ ጩኸት ከሰማይ ሲሰማ ሰው ይደነግጣል፤ ውኃ ላይ ያለ የከብት መንጋም ሊበረግግ ይችላል። አስቀድሞ ለአካባቢው ሽማግሌዎችና ለቀበሌው ማስታወቅ፣ ከሰው ማሳ ላይ ለማስነሣትም ባለቤቱን ማስፈቀድ ጠብን ያስቀራል። ኢሬቻን በመሳሰሉ በዓላት በሆራ አርሰዲ ዳርቻ ከአየር የሚተላለፉት ምስሎች ያማሩ ቢሆኑም በፈቃድና በሠለጠኑ ባለሙያዎች የሚሠሩ ናቸው። በሕዝብ መሀል ላይ በራሱ የሚበር ድሮን መልቀቅ ግን ቢወድቅ የሚያደርሰውን ጉዳት አለማሰብ ነው።

ወፎችም መብት አላቸው። በአቢያታ ሻላ ሐይቆች ብሔራዊ ፓርክ ቆልማሚቶች፣ ማለትም ፍላሚንጎዎች፣ በአቢያታ ዳርቻ ይመገባሉ፤ ፔሊካኖች ደግሞ በሻላ ሐይቅ ደሴቶች ላይ ይራባሉ። ድሮን ሲቀርብ ወፎቹ እንደ ጠላት አሞራ አይተውት በጅምላ ይነሣሉ። ጎጆዋን ለቅቃ የተነሣች ወፍ እንቁላሏንና ጫጩቶቿን ለፀሐይና ለነጣቂ ትታ መሄዷ ነው። ለአንድ ደቂቃ ቪዲዮ ሲባል የአንድ ወቅት ጫጩቶች ሊጠፉ ይችላሉ።

ድሮን የሰው ምትክ አይደለም

ከሁሉም የላቀው ጉዳይ ሕይወት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ዙሪያ ወደ 300,000 የሚጠጉ ሰዎች በመስጠም መሞታቸውን ገምቷል። ድሮን በዚህ ረገድ ሊረዳ እንደሚችል የታየበት አጋጣሚ አለ። በጥር 2018 በአውስትራሊያ ሌኖክስ ሄድ በተባለ የባሕር ዳርቻ ማዕበል የወሰዳቸው ሁለት ታዳጊዎች ላይ ከአየር መንሳፈፊያ የጣለላቸው ድሮን በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ እንዲተርፉ አግዟል። ይሁን እንጂ ያ ድሮን ለነፍስ አድን ሥራ የተዘጋጀ፣ መንሳፈፊያ የተሸከመና በሠለጠነ ነፍስ አዳኝ የሚመራ ነበር።

የቀረጻ ድሮን ከዚህ ፈጽሞ ይለያል። ሰው ሲሰምጥ ያያል፣ ይቀርጻል፤ ምንም አያደርግም። እንዲያውም አደጋውን ሊያባብሰው ይችላል። በዳር የቆመው ጓደኛ ዓይኑን ከዋናተኛው አንሥቶ በስልኩ ስክሪን ላይ ይተክላል። ዋናተኛውም ካሜራው እየተከተለው ስለሆነ ከወትሮው አልፎ ለመራቅ ይደፍራል። ጉማሬ በሚገኝባቸው በዝዋይና በቆቃ ውኃዎች ላይ ደግሞ ድሮኑ ምንም አላሳየም ማለት ውኃው ባዶ ነው ማለት አይደለም፤ ጉማሬ ለደቂቃዎች ጠልቆ ይቆያል፣ ድፍርስ ውኃም ይሸሽገዋል።

ስለዚህ በውኃ ላይ ለመቅረጽ የሚወጣ ቡድን ቢያንስ ሦስት ሰው ሊኖረው ይገባል። አንዱ ውኃው ውስጥ የሚገባው ነው። ሁለተኛው ድሮኑን የሚከታተለውና በፈለገ ጊዜ በሪሞት ኮንትሮል የሚረከበው ነው። ሦስተኛው ስልክም ሪሞትም ሳይዝ ዓይኑን ከዋናተኛው ላይ የማያነሣ፣ ገመድና መንሳፈፊያ በእጁ ያለ ሰው ነው። ሦስተኛው ሰው ካልተገኘ በዚያ ቀን ቀረጻው ይቅር።

በአጭሩ ቅደም ተከተሉ ይህን ይመስላል። መጀመሪያ ፈቃድ፤ ቀጥሎ በየብስ ላይ፣ ባዶ ሜዳ ላይ ደጋግሞ መለማመድ፤ ከዚያ ነፋስ በሌለበት ማለዳ ከዳር ሳይርቁ መሞከር። የመንሳፈፊያ ጃኬት፣ ሙሉ ባትሪና የሚጠብቅ ሰው ሳይሟሉ ድሮኑ ከመሬት አይነሣ። ይህ ሲሟላ የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ውበትና የወጣቶቹ ችሎታ ከላይ ሆኖ ለሚያየው ሁሉ ይታያል፤ ወደ ውኃው የገባው ሰውም በደኅና ወጥቶ ምስሉን ራሱ ለመመልከት ይበቃል።